የሞይና አባት አለ?

"ላስቲኩን ደርቢው! አንድ ንብርብር የሚበቃው ለደህና ቀን ነው" አለች ጆይቱን። በቤቷ ወለል መሃል ተንበርክካ፣ እስከ ክርኗ ጭቃ ለብሳ፣ ማሰሮ ትቀብራለች። ማሰሮው ውስጥ ለዘር የተቀመጠ ሩዝ፣ የመሬታቸው ወረቀትና የልጇ የሞይና የሰርግ ጉትቻ አለ። ባሕሩ ሊወጣ ሲል ንብረት እንደ ሬሳ ይቀበራል። ውሃው ቤቱን ነቅሎ ቢሄድ እንኳ የተቀበረው ይቆያል።

ሞይና የበኩር ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታለች። ሆዷ ገፍቶ ጎንበስ ማለት ስለማትችል ቆማ ላስቲክ ታቀብላለች።

"እማ፣ ሊቶን ከዳካ ደውሎ ነበር። መንገድ ስለተዘጋ መምጣት አልቻልኩም አለ።"

የጆይቱን እጅ ጉድጓዱ ውስጥ ቆመ። "ማነው የደወለው?"

"ሊ..."

"ምላስሽን ንከሺ! ንከሺ ስልሽ! ባልሽን እንደ ዳክዬ ጠባቂ በስሙ ትጠሪዋለሽ? ዕድሜውን ልታሳጥሪው ነው?"

"ከተማ እኮ ሁሉም ይጠራል። እሱ ራሱ ጥሪኝ ብሎኝ ነው።"

"እሱማ ሞኝ ነው። የሞኝ ሚስት ደግሞ ብልህ መሆን አለባት። ያንን ላስቲክ አምጪ!"

በእኛ መንደር በኖልቡኒያ ሴት ልጅ የባሏን ስም አትጠራም። ከጠራች ዕድሜውን ታሳጥራለች ተብለን ነው ያደግነው፤ እኔም እናቴም እንዲያ ኖረናል። የበኩር ልጅ እስኪወለድ "ይሰማሉ?" እያሉ ባል መጥራት፣ ከተወለደ በኋላ ደግሞ "የእገሌ አባት" ማለት ነው። ጆይቱን ግን ከሁላችንም ትብስ ነበር። የባሏ ስም ባዶል ነው። ባዶል ማለት በአገራችን አፍ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ የማያቆምበት ቀን ማለት ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ይህ ቃል ከሰው አፍ አይጠፋም፤ ከእሷ አፍ ግን አንድም ቀን አልወጣም። እንዲያ ዓይነት ቀን ሲመጣ "ሰማዩ አኩርፏል" ትላለች።

"ያኮረፈው ሰማዩ ነው አንቺ?" ይላታል ባዶል ሁልጊዜ። ይህን ቀልድ ከሰርጋቸው ጀምሮ ሲቀልደው ኖሯል፤ ሌላ ቀልድ የለውም።

በዚያ ቀንም ሰማዩ አኩርፎ ነበር። ባዶል ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ከኮኮናቱ ዛፍ ጋር በገመድ ያስራል። በወንዙ አፍ ላይ ሰው የሚያሻግር ጀልባ ቀዛፊ ነው፣ በእኛ አፍ ማጂ፤ እጁ የማያውቀው ቋጠሮ የለም። ፀጉሩ ቢሸብትም ጥርሱ አንድም አልወለቀም። ፓን የምንለውን ቅጠልና ፍሬ ሲያኝክ ፍሬውን በመንጋጋው የሚሰብርበት ድምፅ ከጎረቤት ይሰማል።

ፊሮዛ በግድቡ ላይ እየተንጎማለለች መጣች። ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት፤ አደጋ ሲመጣ ግን ብርቱካናማውን ሰደርያ አጥልቃ፣ ማይኳን ይዛ ሰፈሩን የምትነዳው እሷ ናት።

"ሁለት ባንዲራ ተሰቅሏል! ሁለት ባንዲራ! ከብቶቻችሁን ወደ ጉብታው! ሕፃናትና እርጉዞች አሁኑኑ ወደ መጠለያ!"

"ፊሮዛ፣ ያ የሚጮኸው ማይኩ ነው ጉሮሮሽ?" አላት ባዶል ከጣሪያው ላይ።

"ውረድና ልንገርህ፣ የሞይና አባት! ቶሎ መጠለያ ካላየሁህ እኔ ራሴ በሽርጥህ ጎትቼ ነው የምወስድህ!"

"ኧረ ሚስቴ ፊት አትጎትቺኝ፤ ትቀናለች።"

"በምንዎ ነው የምቀናው?" አለች ጆይቱን ከውስጥ። ፊሮዛ እየሳቀች አለፈች።

ላሚቱን ባዶል ጠዋቱን ወደ ጉብታው ነድቷታል። ዳክዬዎቹ ተለቀቁ። የሸክላ ምድጃው ቆጡ ላይ ተሰቀለ፣ ክብሪቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሞይና አንገት ላይ ተንጠለጠለ። ጆይቱን የተዳመጠ ሩዝና የዘንባባ ስኳር ቋጥራ ያዘች። በሩን ዘጉ። ለምን እንደሚዘጋ እንጃ፤ ባሕር በር አያንኳኳም። ሁላችንም ግን እንዘጋለን።

የሩዝ ማሳው መሃል ባለው መንገድ ላይ ግማሽ ያህል እንደሄዱ ጆይቱን ቆመች።

"ይሰማሉ? የፓምፑን አፍ አስረውታል?"

ባዶል ፓኑን ተፋ። "የቱን ፓምፕ?"

"ስንት ፓምፕ አለን? የጉድጓዳችንን ነዋ!"

"ገመዱ ለጣሪያው አለቀ እኮ።"

ያለነው ባሕር አፍ ላይ ነው። የእጅ ፓምፕ አፉ በላስቲክ ካልታሰረ ጨዋማው ውሃ ይገባበታል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ጉድጓዱ ለብዙ ወራት አይጠጣም። ባለፈው ማዕበል የጆይቱን ጉድጓድ እንዲያ ሆኖባት በጋውን ሙሉ ከአምቢያ ደጅ ውሃ ስትለምን ከረመች። አምቢያ ገበያው አጠገብ ያለችው ናት። ውሃውን ሰጠቻት፣ አልከለከለችም። ግን አንድ ቀን ሴቶች በተሰበሰቡበት "ጆይቱን፣ እንስራሽን አሳንሺው እንጂ! የእኛም ጉድጓድ እኮ ወለል አለው" አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። ጆይቱን እንስራዋን ሞልታ፣ ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ቀና ብላ ሄደች። ያችን ቃል ግን እስከ ዛሬ አልዋጠቻትም።

"ረስተውት ነው እንጂ ገመድ አልቆ አይደለም" አለች። "ጣሪያ ላይ ቆመው ከፊሮዛ ጋር ሲያሽካኩ ነው የረሱት!"

"አንቺ ሴት፣ ባሕሩ እየመጣ ስለ ፓምፕ ታወሪኛለሽ?"

"ባሕሩማ መጥቶ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ምን ልንጠጣ ነው? እኔ ዳግመኛ አምቢያ ደጅ አልቆምም። ይቺ ልጅ ስትወልድ ሕፃኑን በምን ላጥበው? ወይ ይመለሱና ይሰሩት፣ ወይ ደግሞ እርሶ እንስራ ተሸክመው ይለምኑ!"

"አባዬ ይቅር ይመስለኛል፣ ነፋሱ..." አለች ሞይና።

"አንቺ ዝም በይ!"

ባዶል ልጁን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ሚስቱን አየ። ሽርጡን ወደ ጉልበቱ ሰብስቦ አሰረ።

"እሺ የሞይና እናት። ለጥሜ ብዬ አይምሰልሽ፤ ለኩራትሽ ስል ነው የምሄደው። ኩራትሽ ከእኔ በላይ ውሃ ይጠጣል" አለና በመጡበት ተመለሰ።

ጆይቱን ዞራ አላየችውም። ሞይና አይታዋለች፤ እየሮጠ ነበር ትላለች። ሽርጡን እንደ ጎረምሳ ሸብ አድርጎ፣ እየሮጠ።

መጠለያው በረጃጅም የሲሚንቶ እግሮች ላይ የቆመ ሕንፃ ነው፤ በደህናው ቀን ልጆች ይማሩበታል። ወንዶቹ ታችኛው ፎቅ፣ ሴቶቹ ላይኛው ፎቅ ነን። እነ ጆይቱን ሲደርሱ ክፍሉ ሞልቷል። ሕፃን ያለቅሳል፣ ፍየል ይጮሃል፣ አንዷ ዶሮዋን ከሳሪዋ ሥር ደብቃ "የኔ አይደለም" ትላለች፤ ዶሮው ይንጫጫል። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት "ሦስተኛው ባንዲራ ተሰቀለ!" አለች፤ ሦስት ባንዲራ ማለት ማዕበሉ ሊደርስ ነው ማለት ነው።

"ፀጉራችሁን ጠቅልላችሁ እሰሩ!" አለች ፊሮዛ በመሃላችን እየተሽሎከለከለች። "የተለቀቀ ፀጉር ውሃ ውስጥ ቁጥቋጦ ይዞ ያስቀራል። ሳሪያችሁን ወገባችሁ ላይ ሸብ አድርጉት። አፍራለሁ የምትል ካለች እዚያ ጥግ ሄዳ ትፈር!" ቀጥላም ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "አሁን ስሙኝ። ቤቱ የቀረ ሰው ያላት ትናገር። መንገዱ ገና ደረቅ ነው። ታች ሁለት ጎበዞች ገመድ ይዘው ቆመዋል፤ ሄደው ያመጡታል። ውሃ ከመጣ በኋላ ግን ማንንም አልክም፣ እንዳታለቅሱብኝ!"

ጆይቱን እጇን አነሳች። "ፊሮዛ፣ የሞይና አባት የመጡ አልመሰለኝም።"

ፊሮዛ ወደ ደረጃው አፍ ሄዳ ወደ ታች ጮኸች። "የሞይና አባት አለ? የሞይና አባት!"

ታች ያሉት ወንዶች እየተቀባበሉ ጠሩት። ነፋሱ መስኮቱን እየደበደበ፣ ፍየሉም ሕፃኑም እየጮኸ፣ ከታች አንድ የወንድ ድምፅ መጣ።

"አለሁ! እዚህ ነኝ! ምን ሆናችኋል?"

"አለ፣ አክስቴ። ታች ተቀምጧል" አለች ፊሮዛ፣ ወደ ሌላዋ ሴት እየዞረች። "አንቺስ? ማን ቀረብሽ?"

ጆይቱን እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቷ መጣ።

"አየሽው?" አለቻት ሞይናን። "ገብተው ተቀምጠዋል። ወደዚህ ብቅ ብለው 'አሰርኩት' ማለት አቅቷቸው ነው።"

"አኩርፎ ነው፣ እማ። ወርጄ ልየው?"

"ተቀመጪ! በዚያ ሁሉ ወንድ መሃል ሆድሽን ተሸክመሽ ልትጋፊ? ያኮረፈው ይውጣ እንጂ!"

"አንቺስ ለምን አትወርጂም?"

"እኔ? እኔም ማኩረፍ አያቅተኝም።"

ደረጃው እዚያው አጠገቧ ነበር። አንገቷን ብቅ ብታደርግ ትልቁን በርና በሩ ሥር የተቀመጡትን ወንዶች ታይ ነበር። አላደረገችውም። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቋጠሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ተበደለ ዳኛ ተቀመጠች። ሁለቱ ጎበዞች ገመዳቸውን ይዘው ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። አንዲት አሮጊትና ሁለት ፍየል ይዘው፣ በደረቅ እግር ተመለሱ። መንገዱ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ደረቅ ነበር። አሁንም ድረስ ይህን ነገር በፊቷ የሚያነሳ ሰው የለም።

ከዚያ ነፋሱ ጠና። የሕንፃው መስኮቶች እንደ ታመመ ሰው ጥርስ ይንገጫገጩ ጀመር። ሴቶቹ ይጸልያሉ። የጆይቱንም ልብ ቀስ በቀስ በረደ። ንዴቷ ቶሎ ነው የሚነደው፣ ቶሎም ነው የሚጠፋው።

"ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም" አለች ለራሷ።

ቋጠሮዋን ፈታች። በሳህን የተዳመጠ ሩዝ ሞላች፣ ከላዩ ትልቁን የዘንባባ ስኳር አደረገች። ለሞይና የቀረላት ትንሹ ነው።

"ለሞይና አባት በሉልኝ" ብላ ደረጃው ላይ ለተቀመጠችው ሴት ሰጠቻት። ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወረደ። ጆይቱን መዳፏን በሳሪዋ ጠረገች። እርቅ ልካ መልስ የምትጠብቅ ሴት እንዴት እንደምትቀመጥ እናውቃለን፤ ሌላ ቦታ እያየች ነው የምትቀመጠው።

ጥቂት ቆይቶ ሳህኑ ሳይጎድል ተመልሶ መጣ። መልእክትም አብሮት ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ወጣ። ደረጃው ላይ ያለችው ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነው የነገረችን።

"የሞይና አባት ምን አለ መሰላችሁ? 'ለላከችው እህቴ አላህ ይስጣት። ግን ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ ይህን ሁሉ ደረቅ ሩዝ መላክ ግፍ ነው፤ በውሃ አርሳ ትላክልኝ' ብሏል!"

በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው አምቢያ ናት፤ ከወዲያኛው ጥግ ተነስታ ጮኸች። "ኧረ ያ የእኔ ሽማግሌ ነው! ማናት ባሌን ሩዝ እያበላች የምታባልግብኝ?"

ጆይቱንም ሳቀች። አፏን ከፍታ፣ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ሳያልቅ ፊቷ ላይ ቀረ።

የአምቢያ የበኩር ልጅም ሞይና ናት። የገበያዋ ሞይና እንላታለን፣ የጆይቱንን የግድቧ ሞይና። ሁላችንም እናውቃለን። በሰላሙ ቀን አንድም ቀን አደናግሮን አያውቅም። ባዶል ደግሞ ሚስቱን "እህቴ" አይላትም። ጥርሱም አንድ አልጎደለም።

ጆይቱን ሳህኑን ጣለችው። ደረጃው ላይ የተቀመጡትን ሴቶች እየረገጠች ወረደች፤ ወንዶቹ መሃል ገባች፣ መሸፈኛዋ ወድቋል፣ ግድ አላላትም። የእያንዳንዱን ፊት እያየች ሄደች። ግድግዳው ሥር ሽማግሌው ሶብሃን፣ የአምቢያ ባል፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተቀምጧል። በድዱ ፈገግ አለላት።

"ሩዙ ያንቺ ነበር እንዴ? ተቀየምሽ?"

"ቅድም ሲጠሩ 'አለሁ' ያሉት እርሶ ኖት?"

"አዎ። የሞይና አባት ሲሉኝ ነዋ።"

በዚያው ቅጽበት ከውጭ ያ ድምፅ መጣ። ሰምቶት የማያውቅ ሰው ነጎድጓድ ነው ይላል። እኛ ግን ግድቡ እንደሆነ አወቅን። "ሄደ! ግድቡ ሄደ!" እያለ አንድ ሰው ከበሩ ጮኸ። ጆይቱን በሩ ጋ ስትደርስ ውሃው የሩዙን ማሳ አልፎ፣ ቡናማ ሆኖ፣ የሰው ጣሪያና የሙዝ ግንድ እያንከባለለ ከሕንፃው እግሮች ጋር ሲጋጭ አየችው። መንገዱ የለም። ልትወርድ ስትል ሁለቱ ገመድ የያዙት ጎበዞች በሁለት ክንዷ ያዟት።

"ልቀቁኝ! ቤት ናቸው! ልቀቁኝ!"

ፊሮዛ እየሮጠች ወረደች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"አክስቴ... የአንቺው ነው? ባዶል?"

ጆይቱን አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ያኔ እንኳ በአፏ አላለችውም።

ፊሮዛ ማይኩን ወደ ውሃው አዙራ "ባዶል! ባዶል ማጂ! ዛፍ ላይ ውጣ! ዛፍ ላይ!" እያለች ጮኸች። ቀኑን ሙሉ ሰፈሩን ስትጣራ የዋለ ጉሮሮዋ ተሰነጠቀ። ሳለች፤ እንደገና ልትጮህ ስትል ድምፅ እምቢ አላት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቆመች።

"ስጪኝ" አለች ጆይቱን።

ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች። እንዴት እንደሚያዝ አታውቅም፤ አፏን እንደ እንስራ አፍ ገጠመችበት።

"ይሰማሉ?" አለች። ድምፅዋ ተባዝቶ ውሃው ላይ ወጣ። "የሞይና አባት! ይሰማሉ?"

"አለሁ እኮ! እዚህ ነኝ!" አለ ሶብሃን ከኋላዋ። ጆሮው ከብዶታል፣ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም።

ጆይቱን ዞር ብላ አየችው። አልተቆጣችውም። ተመልሳ ማይኩን ገጠመችና ከሰርጓ ጀምሮ ከጥርሷ ኋላ ይዛው የኖረችውን ቃል አወጣችው።

"ባዶል!"

ሴቶቹ በደረጃው ላይ ቆመን ነበር።

"ባዶል! አንተ ባዶል! የት ነህ? ፓምፑን ተወው! ና! ሰማህ? ጉድጓዱ ገደል ይግባ፣ ውሃውን እለምናለሁ፣ ከፈለግህ ከአምቢያ እለምናለሁ! ባዶል! አንተ... ና!"

አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው "አንተ" አለችው። ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ ጠራችው። አንዲት ሴት ባሏን በዕድሜዋ ሙሉ የምትጠራውን ያህል በዚያች ከሰዓት ጠራችው። ከውሃው ግን የመለሰላት የለም። በመጨረሻ ሞይና ወርዳ ማይኩን ከእጇ አወጣችው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያላቀቀች።

ባዶል የተገኘው ውሃው ወደ ኋላ ሲመለስ ነው፤ ግድቡ የተበጠሰበት አጠገብ፣ ቁጥቋጦ ይዞት። ግድቡ ላይ ቀበርነው፤ ሌላ ደረቅ መሬት አልነበረም። ቤታቸው ሄዷል። ከኮኮናቱ ጋር የታሰረው ቆርቆሮ ብቻ፣ ከዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይንኳኳ ነበር።

ፓምፑ ግን ቆሟል። አፉ በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ንብርብሩም ድርብ ነው። ከላዩ የታሰረው ገመድ ወፍራም፣ ቅጥራን የጠጣ፣ ውሃ የለመደ ገመድ ነው። ጆይቱን ገና ስታየው አወቀችው። የጀልባው ማሰሪያ ነበር። ቤት ገመድ ስላጣ እስከ ወንዙ ሄዶ፣ ጀልባውን ፈትቶ ለማዕበሉ ለቆ፣ ገመዱን ለጉድጓዱ አምጥቶለት ነው። የዘገየው በዚህ ነው።

ጆይቱን ፓምፑ ሥር ተቀመጠች። ማንም ቋጠሮውን እንዲነካ አልፈቀደችም። ሰፈሩ በሙሉ ጨው የሚጠጣ ሆኗል፤ ውሃ ይዞ ይመጣል የተባለው ጀልባ አልመጣም። አንዱ ቢላዋ ይዞ መጣ። "እናቴ፣ ቆርጬ ልክፈተው?" አላት።

"እጅህን ነው የምቆርጠው" አለችው። ሄደ።

ሁላችንም ከሩቅ ቆመን እናያታለን። ሐዘንተኛን ውሃ ስጪን ማለት ይከብዳል፤ ሕፃን በጥም ሲያለቅስ መስማትም ይከብዳል። በመጨረሻ አምቢያ መጣች። እንስራዋን ከሳሪዋ ሥር እንደ ሰረቀችው ነገር ደብቃ ነው የመጣችው። ጆይቱን ፊት ቆመች።

"ለእኔ አይደለም" አለች። "ለሽማግሌው ነው። መድኃኒቱን የሚውጥበት አጣ። እሱ... ያን ቀን 'አለሁ' ያልኩት እኔ ነኝ እያለ ያለቅሳል። እምቢ ብትዪኝም አልቀየምሽም።"

ጆይቱን ቀና ብላ አላየቻትም። ያየችው እንስራውን ነው። ትንሽዋ ናት፤ ልጆች ለጨዋታ የሚሸከሟት ዓይነት።

"ምነው አሳነስሽው?"

አምቢያ ያቺ የቆየች ቃሏ ተመልሳ እንደመጣች ገባት።

"ጆይቱን፣ እኔ ያን ጊዜ..."

"ሂጂና ትልቁን አምጪ። ሶብሃን የሚታጠብበትም ይፈልጋል። ያቺ ልጅሽም ትጠጣ።"

ከዚያ ተነሳች። ቋጠሮውን በጣቷ ሞከረችው። ውሃ ጠጥቶ ጠብቋል፤ የጀልባ ቋጠሮ ነው። ቢላዋ አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ በጥርሷ ያዘችው፤ ወዲህ ጎተተች፣ ወዲያ ጎተተች፣ እስኪላላ ድረስ። ሲፈታ ገመዱን ጠቅልላ ወገቧ ላይ አሰረችው። ላስቲኩን ገለጠች። ፓምፑ መጀመሪያ ባዶውን አቃሰተ፣ ከዚያ ተፋ፣ ከዚያ ወረደ። በመዳፏ ተቀብላ ቀመሰች። ጨው የለውም። ፊቷን ወደ ወዲያ አዞረች፤ እኛም አላየንም አልን።

ሰዉ እንስራና ባልዲ እያቀረበ መጣ። እሷ ትቀዳለች፤ እጀታውን ለማንም አላቀበለችም። ሞይና ከጎኗ ሆዷን ይዛ ተቀምጣለች። ስልኳ ጮኸ። መስመሩ ከተቋረጠ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው።

"ሃሎ?" አለች ሞይና። "ሃሎ፣ ይሰማል? እኔ ነኝ... ይሰማል?"

ባሏ ከወዲያ በኩል ይጮሃል፤ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ማን እንደሆነች የለየ አይመስልም። ሞይና እናቷን በጎን አየቻት፤ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

"ይሰማል? እኔ ነኝ... እኔ..."

"ስም የለውም እንዴ?" አለች ጆይቱን።

የፓምፑን እጀታ ያዘች፤ ድምፁ እንዳይረብሽ አቁማ ጠበቀች።